የልጅ ጨዋታ፣ የእናት ጭንቀት

«ከልጅ አትጫወት፣ ይወጋሃል በእንጨት» የሚለውን ተረት ሁላችንም እየሰማን ነው ያደግነው። ተረቱ አዋቂ ሰው ክብሩን እንዲጠብቅ ለመምከር የተነገረ ቢሆንም፣ በየቤታችን ግን ሌላ ትርጉም ይዞ ቆይቷል። ይኸውም የልጅ ጨዋታ የልጅ ጉዳይ ነው፤ እናትና አባት የሚገቡበት አይደለም የሚል ነው። ወንዱ ልጅ ከደጃፍ ብይ በሚያንከባልልበት፣ ልጅቷም ሰኞ ማክሰኞ በምትዘልበት ጊዜ ይህ አስተሳሰብ ያን ያህል ጉዳት አላስከተለም፤ ጨዋታው ከእናት ዓይን አይርቅም ነበርና። ዛሬ ግን ጨዋታው ከደጃፍ ተነሥቶ ሄዷል። ወዴት ሄደ? ከማን ጋር? በስንት ብር? እነዚህን ጥያቄዎች ይዘን ከጎንደር ከተማ በስተሰሜን ወደምትገኘው ወለቃ አብረን እንሂድ።

ወለቃ ከጎንደር መሐል ከተማ ወደ ደባርቅና ወደ ስሜን ተራሮች በሚወስደው መንገድ ላይ፣ 6 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ መንደር ናት። መንገደኛው ሁሉ የሚያውቃት በሸክላዋ ነው። ጀበናው፣ ምጣዱ፣ ድስቱ፣ ትንንሾቹ የአንበሳና የርግብ ቅርጾች ሳይቀሩ ከመንገዱ ዳር ተደርድረው ገዢ ይጠብቃሉ። ቀድሞ በመንደሯ ይኖሩ የነበሩት ቤተ እስራኤላውያን ሲሆኑ፣ ሴቶቹ በሸክላ ሥራ፣ ወንዶቹ ደግሞ በቀጥቃጭነትና በሽመና ይታወቁ ነበር። እነርሱ በ1977 ዓ.ም. በሱዳን በኩል፣ በ1983 ዓ.ም. ደግሞ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ከሄዱ ወዲህ፣ ሙያውን ይዘው የቀጠሉት በአብዛኛው እዚያው የቀሩት ጎረቤቶቻቸው ናቸው።

በዚህች መንደር ሦስት ልጆቻቸውን በሸክላ ሥራ የሚያሳድጉ አንዲት እናት ያጫወቱንን እናካፍላችሁ። የእርሳቸውንም ሆነ የልጆቻቸውን ስም መጥቀስ አላስፈለገንም፤ ነገሩ የእርሳቸው ቤት ጉዳይ ብቻ አይደለምና።

ሸክላ ሥራ ለሚያየው እንደሚመስለው ቀላል አይደለም። አፈሩ ተቆፍሮ በጀርባ ይመጣል። ከደረቀ በኋላ ይወቀጣል፣ ይነፋል፤ ውኃ ገብቶበትም ከተወቀጠ ገል ጋር ይታሻል። እጅ ቅርጽ የሚያወጣለት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ቅርጹ በጥላ ይደርቃል፣ በለሰለሰ ድንጋይ ይወለወላል፣ በመጨረሻም በኩበትና በእንጨት እሳት ይተኮሳል። ከእሳቱ ውስጥ ተሰንጥቆ የሚወጣውም ጥቂት አይደለም። እንግዲህ ለአንድ ጀበና የምንከፍለው ገንዘብ የስንት ቀን ልፋት መሆኑን ከዚህ መገመት ይቻላል።

ታዲያ በአንድ ቅዳሜ የእኚህ እናት የ15 ዓመት ልጅ አራት ጀበናና ሁለት ምጣድ ይዞ ጎንደር ቅዳሜ ገበያ ወረደ። ማታ ሲመለስ ያመጣው ገንዘብ ከተገመተው ግማሽ አይሞላም። ሁለቱ ጀበናዎች በመንገድ ተሰበሩ አለ። እናትየው አመኑት። በሳምንቱ ግን ጎረቤት ነገሩን አወጣችው፤ ጀበናው አልተሰበረም፣ ልጁ ከቀትር እስከ ማታ ጌም ቤት ነበር። እናትየው ዱላ አነሡ። ልጁም ሸሽቶ ከቤት ወጣ፤ በዚያችም ሌሊት አልተመለሰም።

«ያን ሌሊት ዓይኔን ሳልከድን ነጋ» ይላሉ። «ጀበናውስ ይቅር፣ ሌላ ይሠራል። ልጁን ማን ይሠራልኛል?»

ልጁ በማግስቱ ከጓደኛው ቤት ተገኘ። ነገር ግን ከዚያ ወዲህ እናትና ልጅ በአንድ ቤት እየኖሩ ሳይነጋገሩ ሰነበቱ። እኛም ወለቃ የደረስነው በዚሁ ሰሞን ነበር።

ይህ ጌም የሚሉት ምንድን ነው?

ቪዲዮ ጌም በቴሌቪዥን ወይም በስልክ ላይ የሚታየውን ሥዕል ተጫዋቹ በእጁ በያዘው መሣሪያ እያዘዘ የሚጫወተው ጨዋታ ነው። በዓለም ላይ በሰፊው መታወቅ የጀመረው አታሪ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1972 ፖንግ የተባለውን፣ የጠረጴዛ ቴኒስ የሚመስል ጨዋታ ካወጣ ወዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1984 ደግሞ አሌክሲ ፓጂትኖቭ የተባለ የሞስኮ የኮምፒውተር ባለሙያ ቴትሪስን ፈጠረ። የጃፓኑ ሶኒ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1994 ፕሌይ ስቴሽንን አወጣ፤ እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣው ሁለተኛው ዓይነት ብቻ ከ150 ሚሊዮን በላይ ተሽጧል።

በአገራችን ይህን መሣሪያ ገዝቶ ቤቱ የሚያስቀምጥ ቤተሰብ ጥቂት ነው። ከዚህም የተነሣ በየከተማው ጌም ቤት ወይም ፕሌይ ስቴሽን ቤት የሚባለው ተስፋፋ። አንድ ክፍል፣ ጥቂት ቴሌቪዥኖች፣ አግዳሚ ወንበር፣ በር ላይ መጋረጃ፤ ክፍያው በግጥሚያ ነው። የአንድ ግጥሚያ ዋጋ ትንሽ በመሆኑ ልጁ ያወጣውን አይቆጥረውም። በቀን 30 ብር የሚያወጣ ልጅ ግን በወር 900 ብር ያወጣል። ይህን ሒሳብ ለልጁ አስልቶ ያሳየው ሰው አልነበረም።

ወጣቱ ምን ይላል?

ልጁን ያነጋገርነው ከቤታቸው ጀርባ፣ የተወቀጠ አፈር ከተሰጣበት ቦታ ላይ ተቀምጠን ነው። መጀመሪያ ዓይኑን ከመሬት አላነሣም። ስለ ኳስ ጨዋታው ስንጠይቀው ግን አንደበቱ ተፈታ።

ከሁሉ የሚወደው የእግር ኳስ ጌም ነው። ጌም ቤት ከከረንቡላ ቤትና ከመጠጥ ቤት ይሻላል ባይ ነው፤ እዚያ የሚጠጣም የሚቃምም የለም ይላል። እናቱና እኅቱ ጎረቤት ሄደው የሚያዩት ተከታታይ ፊልም ግን አይጥመውም። ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ በአማርኛ ድምፅ የሚቀርቡትን የቱርክ ፊልሞች ማለቱ ነው። ሰው መቶ ቀን ቁጭ ብሎ ሌላው ሲያለቅስ ከሚያይ፣ እርሱ ራሱ የሚያደርገውን ቢጫወት ይሻላል የሚል ሐሳብ አለው። እናትየው ይህን ሲሰሙ፣ እርሳቸው ፊልሙን የሚያዩት ጥጥ እየፈተሉ መሆኑን፣ እርሱ ግን ሁለት እጁን አስሮ መዋሉን ከቤት ውስጥ ሆነው አስታወሱት። እውነታቸውን ነው።

ስለ ትምህርት የነገረን ግን ሊታሰብበት የሚገባ ነው። 8ኛ ክፍል ነው፤ የክልል ፈተና ይጠብቀዋል። በክፍል ውስጥ አንድ ጥያቄ ቢሳሳት መሳሳቱን የሚያውቀው ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ደብተሩ ሲመለስ ነው። ጌም ላይ ግን ስሕተቱን ወዲያው ያየዋል፤ ወዲያውም እንደገና ይሞክራል። ማንም አይሰድበውም። በክልሉ በተነሣው ግጭት ምክንያት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው፣ ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮም የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ በቆየበት ጊዜ፣ ለእርሱና ለጓደኞቹ የቀረላቸው መዋያ ያ ቤት ብቻ እንደነበረም አጫወተን።

ከዚያም ጥቂት ዝም ካለ በኋላ ዋናውን ነገር ነገረን።

«እታለም፣ እዚያ የማን ልጅ ነህ አይባልም» አለ። «ማን አሸነፈ ነው የሚባለው።»

ይህን አባባል ከወለቃ ውጭ ያለ አንባቢ በቀላሉ ሊያልፈው ይችላል። ሸክላ ሠሪና ቀጥቃጭ ቡዳ ነው እየተባለ የሚሰደብበት ልማድ በአገራችን ረጅም ዕድሜ ያለው ነው። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን በሥራው መስደብ የሚከለክል አዋጅ አውጥተው ነበር። ስድቡ ግን ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ዛሬም በትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ከልጆች አፍ ይሰማል። ይህ ልጅ ጀበና ተሸክሞ ገበያ ሲወርድ የክፍል ጓደኞቹ እንዳያዩት በጓሮ መንገድ ይዞራል። ጌም ቤት ውስጥ ግን ከማንም እኩል ነው። እናትየው ገንዘብ ጠፋ ብለው የተቆጡበት ቤት፣ ለልጁ ክብር የሚያገኝበት ቤት ሆኖ ቆይቷል። ይህን ደግሞ ዱላ አያስወጣውም።

እናትየው ጌም ቤት ገቡ

በተከታዩ ቅዳሜ ገበያው ሲበተን፣ እናትየው ነጠላቸውን አስተካክለው ከእኛ ጋር ወደዚያ ቤት ገቡ። ልጁ አፍሮ በር ላይ ሊቀር ፈልጎ ነበር፤ እርሳቸው ግን እጁን ይዘው አስገቡት። የቤቱ ባለቤት ተምሮ ሥራ ያጣ ወጣት ነው። ደንግጦ ተነሥቶ ወንበር ሰጣቸው። በትምህርት ሰዓት ዩኒፎርም የለበሰ ልጅ እንደማያስገባ፣ ልጆቹ ግን ዩኒፎርማቸውን ቦርሳ ውስጥ ከተው እንደሚመጡ ሳይደብቅ ነገራቸው።

ሁለቱ ቴሌቪዥኖች ላይ ኳስ ነበር። ሦስተኛው ላይ ግን ዘጠኝ ዓመት የማይሞላቸው ሁለት ልጆች ጂ ቲ ኤ የተባለውን፣ መኪና እየቀሙ ሰው የሚተኩሱበትን ጨዋታ ይጫወታሉ። በአውሮፓ ጨዋታዎች በሽፋናቸው ላይ 3፣ 7፣ 12፣ 16 ወይም 18 የሚል የዕድሜ ቁጥር ይደረግባቸዋል። የኳሱ ጨዋታ 3 የሚል ሲሆን፣ ጂ ቲ ኤ ግን 18 የሚል ነው። እኛ ዘንድ አብዛኛው ጨዋታ ያለ ሽፋን እየተገለበጠ ስለሚመጣ ቁጥሩን የሚያይ የለም። እናትየው ሥዕሉን ጥቂት አይተው፣ «የእነዚህ ልጆች እናቶች ይህን ያውቃሉ?» ብለው ጠየቁ። የመለሰላቸው አልነበረም።

ከዚያም ልጃቸው አጠገብ ተቀምጠው ጆይስቲኩን ተቀበሉ። የትኛው ቁልፍ እንደሚያስሮጥ፣ የትኛው እንደሚያስመታ ልጁ ቀስ ብሎ አስረዳቸው። 5 ለ 0 ተሸነፉ። ቤቱ በሙሉ ሳቀ፤ እርሳቸውም ሳቁ። ልጁ እናቱን ሲያስተምር የዋለበት የመጀመሪያ ቀን ያ ነበር። ወደ ቤት ሲመለሱ እየተነጋገሩ ነበር የሄዱት።

እኅቱስ?

በዚያ ቤት ውስጥ ከሁለታችን በቀር አንዲትም ሴት አለመኖሯን ያስተዋልነው በኋላ ነው። ልጁ የ13 ዓመት እኅት አለችው። እርሷ ጎህ ሲቀድ ተነሥታ ውኃ ትቀዳለች፣ እሳት ታነዳለች፣ ከዚያ ትምህርት ቤት ትሄዳለች። ስትመለስ ገል ትወቅጣለች፣ አፈር ትነፋለች፣ ታናሿን ትጠብቃለች። ምን እንደምትጫወት ስንጠይቃት ሳቀች። ከዚያም አሰበችና፣ እሑድ ውኃ ቀድታ ስትመለስ አንዳንድ ጊዜ ከጓደኞቿ ጋር ሱዚ እንደምትዘል ነገረችን፤ እንስራው ቶሎ ከሞላ ማለቷ ነው።

እናቶች ሆይ፣ እዚህ ላይ ራሳችንን እንጠይቅ። ወንዱ ልጅ ብዙ ተጫወተ ብለን ስንቆጣ፣ ሴቷ ልጅ ጨርሶ አለመጫወቷን ስንቶቻችን ልብ ብለናል? የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1989 ያጸደቀውና አገራችን በ1983 ዓ.ም. የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ስምምነት፣ በ31ኛው አንቀጹ ልጅ ሁሉ የማረፍና የመጫወት መብት እንዳለው ይደነግጋል። ወንድና ሴት ብሎ አይለይም። የወንድምየው ረጅም የጨዋታ ሰዓት የተገኘው ከእኅቱ ሰዓት ተቀንሶ ነው፤ እርሱ ያልቀዳውን ውኃ የቀዳችው እርሷ ናትና።

የጤና ባለሙያዎችስ?

የዓለም ጤና ድርጅት አባል አገሮች እ.ኤ.አ. በግንቦት 2019 ያጸደቁትና ከጥር 2022 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የበሽታዎች ዝርዝር፣ ከልክ ያለፈ የጌም ልማድን እንደ አንድ የጤና ችግር መዝግቧል። ምልክቶቹ ሦስት ናቸው። ተጫዋቹ ራሱን መግታት ያቅተዋል፤ ጨዋታውን ከሌላው ነገር ሁሉ ያስቀድማል፤ ጉዳቱን እያየም ይቀጥላል። ይህም አብዛኛውን ጊዜ ቢያንስ 12 ወራት የቆየ መሆን አለበት። ድርጅቱ በችግሩ የሚጠቁት ከተጫዋቾች ጥቂቶቹ ብቻ መሆናቸውንም ይገልጻል። ስለሆነም ጌም የሚወድ ልጅ ሁሉ በሽተኛ አይደለም፤ ሆኖም ምልክቶቹን ያየ ወላጅ ዝም ሊል አይገባውም። ቻይና እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2021 ከ18 ዓመት በታች ያሉ ልጆች በኢንተርኔት የሚጫወቱበትን ጊዜ በአብዛኛው በሳምንት 3 ሰዓት ላይ ወስናለች። እኛ ዘንድ ሰዓቱን መወሰን የሚችለው ቤተሰብ ነው።

ጨዋታ ራሱ ጠላት አለመሆኑን ግን አባቶቻችንም ያውቁ ነበር። በጎንደር መሬት ላይ ጉድጓድ ተምሶ በጠጠር የሚጫወቱት ገበጣ የመቁጠርና አስቀድሞ የማሰብ ትምህርት ቤት ነው። ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1971 ስለዚሁ የኢትዮጵያ ጨዋታ ሰፊ ጥናት አሳትመዋል። ዛሬ ደግሞ በአዲስ አበባ የሚገኘው ቅኔ ጌምስ ገበጣን በስልክ የሚጫወቱት አድርጎ ሠርቶታል፤ ከአሳዳጅ የምትሸሽ ዶሮ ያለችበትን «ኩኩሉ» የተባለ ጨዋታም አውጥቷል። ይህን ለልጁ ስንነግረው ጌም በኢትዮጵያውያን እጅ ይሠራል ብሎ አስቦ አያውቅም ነበር። ምን መማር እንደሚያስፈልግ ጠየቀን። ሒሳብ፣ ኮምፒውተር፣ ሥዕልና ቅርጽ ማውጣት መሆኑን ነገርነው። ቅርጽ ማውጣት የሚለውን ሲሰማ የእናቱን ትንንሽ አንበሶች ዞር ብሎ አያቸው።

ምን ይደረግ?

ወላጆች በቤታቸው ሊሞክሩት የሚችሉትን በአጭሩ እናስቀምጥ።

አንደኛ፣ ልጅዎ የሚጫወትበትን ቤት አንድ ቀን ገብተው ይዩ። ምን እንደሚጫወትም እርሱ ራሱ ያስረዳዎ።

ሁለተኛ፣ ሰዓቱንና ገንዘቡን አብራችሁ ወስኑ፤ የወሩንም ድምር በወረቀት ላይ አብራችሁ አስሉት። ልጁ ያልተስማማበትን ሰዓት አይጠብቀውም።

ሦስተኛ፣ የዕድሜውን ነገር አይርሱ። ኳሱና መተኮሱ አንድ አይደሉም።

አራተኛ፣ የቤቱን ሥራ በወንድና በሴት ልጅ መካከል አካፍሉ። እንስራ የሴት ብቻ ተብሎ የተጻፈበት ቦታ የለም።

አምስተኛ፣ ልጅዎ ከቤት የሚሸሸው ከምን እንደሆነ ይጠይቁ። አንዳንድ ጊዜ ወደ ጨዋታ ሳይሆን ከስድብ ነው የሚሸሸው። እንዲህ ከሆነ ከልጁ በፊት መምህሩንና ርእሰ መምህሩን ማነጋገር ይገባል።

ከወለቃ ከመመለሳችን በፊት እናትና ልጅ ተስማሙ። ቅዳሜ ገበያ ሲበተን አንድ ሰዓት ይጫወታል፤ ክፍያውም ገበያ ለወረደበት ከሚሰጠው ድርሻ ይሆናል። እሑድ ውኃ የሚቀዳው እርሱ ነው፤ ከሰዓት በኋላው የእኅቱ ነው።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ደውለን ጠየቅናቸው። ሁለቱን ቅዳሜ በሰዓቱ መጣ፤ በሦስተኛው ሁለት ሰዓት አሳለፈ። «ግን እማዬ፣ ጌም ቤት ነበርኩ ብሎ ራሱ ነገረኝ» አሉን። «ጀበና ተሰበረ አላለም።» እኅቱስ ምን እያደረገች ነው ብንላቸው፣ ከደጃፍ ላይ ጉድጓድ ምሳ ወንድሟን በገበጣ እያሸነፈችው መሆኑን ነገሩን።

ውድ አንባቢያን፣ ተረቱን የነገሩን አባቶች ልጅ ሊወጋን እንደሚችል ማስጠንቀቃቸው እውነት ነው። ነገር ግን ከልጁ ጋር ያልተጫወተ ወላጅም ሳይወጋ አልቀረም፤ ያቺ እናት ዓይናቸውን ሳይከድኑ የነጋባቸው ሌሊት ምስክር ናት። እናንተስ በየቤታችሁ ምን ገጠማችሁ? እንዴትስ ተወጣችሁት? ጻፉልን፤ ለሌሎች እናቶች ትምህርት ይሆናልና በዚሁ ዓምድ እናወጣዋለን።